«ልጣጭ»፣ «ጥልቅ»ና «ጠባሳ»፤ በአንድ የቆዳ ሕክምና ስያሜ ላይ የቀረበ ሒስ

የቆዳ ሕክምና በአገራችን ከሥጋ ደዌ፣ ከእከክና ከጭርት አልፎ የፊትን ገጽታ ወደ መጠገን ከተሻገረ ወዲህ፣ በተለይም በአዲስ አበባ፣ አንድ የውጭ ስም ልዩ ልዩ የአማርኛ ልብስ ለብሶ ይታያል። ይኸውም ብጉር በፊት ላይ ትቶት የሄደውን ጠባሳ በአሲድ የማከም ዘዴ ስም ነው። አንዱ «ኬሚካል ፒሊንግ» ብሎ ስሙን እንዳለ ይወስደዋል፤ ሌላው «የኬሚካል ልጣጭ» ይለዋል፤ «ፊት መግፈፍ» የሚልም አለ፤ ለገበያ የቸኮለው ደግሞ ዘዴውን ትቶ ተስፋውን በመሰየም «ጠባሳ ማጥፊያ» ይላል። ከእነዚህ ከአራቱ ባለሙያውን የማያሳፍረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ እርሱም ቢሆን የሚያስመሰግነው ምንም ባለመናገሩ ነው።

ነገሩን ከአርባ ምንጭና ከጋሞ ዞን አንጻር ማየት የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። በመጀመሪያ፣ በዚያ አገር አማርኛ ለብዙ ሰው የገበያ፣ የጽሕፈት ቤትና የሐኪም ቤት ቋንቋ እንጂ የእናት ቋንቋ አይደለም። አማርኛን በእናቱ ጉያ የተማረ ሰው የተጣመመ ስያሜ ሲያጋጥመው በልማድ አቃንቶ ያነበዋል፤ ጋሞኛ ተናጋሪው ግን ቃሉን የሚያምነው እንደተጻፈ ነው። ስለዚህ የስያሜ ጉድለት በዚያ ቶሎ ይጋለጣል። ሁለተኛው ምክንያት በጋሞ ደጋ ከብጉር ሌላ ፊትን የሚያጠብስ የታወቀ በሽታ መኖሩ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ከ«ልጣጭ» እንጀምር። በአርባ ምንጭ «ልጣጭ» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው የሙዝ ልጣጭ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ከተማይቱ በዙሪያዋ በሚበቅለው ሙዝ የታወቀች ናትና። ሆኖም ጉዳዩ የሥነ ምዕላድም ነው። «እጣቢ»፣ «ጥራጊ»፣ «ቁራጭ»፣ «ፍቅፋቂ» የሚሉትን ቃላት ከ«ልጣጭ» ጋራ አሰልፎ የተመለከተ ሰው ሁሉም ከሥራ በኋላ የሚቀረውን ነገር እንጂ ሥራውን ራሱን እንደማይሰይሙ ይገነዘባል። «እጣቢ» ማጠብ ማለት እንዳልሆነ ሁሉ «ልጣጭ»ም መላጥ ማለት አይደለም። «የኬሚካል ልጣጭ» በትክክል ቢነበብ ከኬሚካል ላይ ተልጦ የወደቀ ነገር ማለት ነው። የእንግሊዝኛው ቃል ድርጊቱንም ትርፉንም በአንድ ስም ስለሚጠራ ተርጓሚው ሁለቱን ሳይለይ ቀርቷል። አማርኛ ግን ይለያል፤ ቋንቋው የሚለየውን ተርጓሚ ሊያደባልቀው አይገባም።

«መግፈፍ» ከዚህ ይብሳል። የሚገፈፈው የታረደ ከብት ቆዳ ነው። ሰው ተገፈፈ ሲባል ደግሞ ልብሱን ወይም ሀብቱን ተዘረፈ ማለት ነው። «ቆዳን መፋቅ» የሚለውን ያቀረቡም አሉ፤ ይህም በሌላ ቦታ የማይጎዳ ቢመስል በጋሞ የሚጎዳ ነው። እርግጥ እንሰት ይፋቃል፤ ከፍቀቱም ቆጮና ቃጫ ይገኛል፤ በዚህ ረገድ ቃሉ የተከበረ የቤት ሥራ ቃል ነው። ነገር ግን በጋሞ ደጋ ቆዳ በድንጋይ መፋቂያ የሚያለፉ ባለሙያዎች እስከ ቅርብ ዘመን ነበሩ፤ የጥንት ድንጋይ መሣሪያን የሚያጠኑ የውጭ አገር ሊቃውንትም ሙያቸውን ለማየት ወደዚያ ተጉዘዋል። እነዚህ ባለሙያዎች «ደጋላ» ከሚባለው ወገን ሲሆኑ፣ እንደ ሸክላ ሠሪዎቹ እንደ «ማና» ሁሉ፣ ከገበሬው በጋብቻም በመሬትም ተለይተው የኖሩ ናቸው። በአማርኛም «ፋቂ» የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኗል። ታዲያ በፊቱ ጠባሳ አፍሮ ለሕክምና የመጣን ሰው «ቆዳህ ይፋቃል» ማለት፣ ሐኪሙ ሳያስበው በሽተኛውን ከአንድ የቆየ ቁስል ጋራ ማገናኘት ነው። «ቆማጣ» የሚለውን ቃል ከሐኪም ቤት ለማስወጣትና «የሥጋ ደዌ ሕሙም» የሚለውን ለመትከል ምን ያህል እንደተደከመ የሚያስታውስ ሁሉ ይህን እንደ ጥቃቅን ነገር አይመለከተውም።

ግሱ ራሱ፣ ማለትም «ላጠ»፣ ጥፋት የለበትም። እንደ «ላከ»ና እንደ «ሳመ» መካከለኛ ተነባቢው በዘመን ብዛት የወደቀበት ግስ ነው። ከእንዲህ ያለ ግስ ድርጊትን ወይም ሁኔታን የሚሰይም ስም ማውጣት ለአማርኛ አዲስ አይደለም፤ ከ«ዳነ» «ድነት»፣ ከ«ጋለ» «ግለት»፣ ከ«ዛለ» «ዝለት» ወጥተዋል። በዚሁ መንገድ «ልጠት» ማለት ይቻላል። እነዚህ ምሳሌዎች ከማይሻገር ግስ የወጡ ናቸው፣ «ላጠ» ግን ተሻጋሪ ነው የሚል ተቃውሞ ቢቀርብ፣ ከተሻጋሪው «ፋቀ» «ፍቀት»፣ ከተሻጋሪው «ጣለ» የሸማው «ጥለት» መገኘታቸው በቂ መልስ ነው። «መላጥ» የሚለው ንዑስ አንቀጽ ያልተመረጠው ከ«መላጨት»ና ከ«መላጣ» ጋራ በጆሮ ስለሚቀራረብ ነው። በተጨናነቀ የሐኪም ቤት ክፍል ውስጥ «ፊትህን መላጥ ያስፈልጋል» የተባለ ወጣት ምላጭ ፍለጋ ቢሄድ አይፈረድበትም። «ቅመማዊ ልጠት» የሚለውን ግን አልደግፍም፤ ኬሚስትሪን «ሥነ ቅመማ» ማለት በመጽሐፍ ውስጥ ተለምዶ ይሆናል፣ በፊት ላይ ሲሆን ግን በርበሬና ኮረሪማ ያስታውሳል። «የአሲድ ልጠት» ይበቃል።

እስካሁን የተነገረው የስም ማሳመር ሥራ ሊመስል ይችላል። የሚከተለው ግን የሰው ፊት የሚጠፋበት ጉዳይ ነው።

በዘርፉ ጽሑፎች ልጠት በሦስት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው የላይኛውን ቆዳ ብቻ የሚነካው ነው፤ ለዚህ ግላይኮሊክ አሲድ ከ20 እስከ 70 በመቶ፣ ወይም ሳሊሲሊክ አሲድ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይውላል። ሁለተኛው እስከ ታችኛው ቆዳ አፋፍ የሚደርሰው ሲሆን የተለመደው 35 በመቶ የሆነ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ነው። ሦስተኛው በፌኖል የሚደረገው ነው፤ ይህ ወደ ታችኛው ቆዳ ውስጥ የሚዘልቅና የልብን ምት እስከ ማዛባት የሚደርስ አደገኛ ሥራ ነው። ጀርመናዊው የቆዳ ሐኪም ኡና በ1882 እ.ኤ.አ. ስለ ሳሊሲሊክ አሲድ፣ ስለ ፌኖልና ስለ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ጠባይ ከጻፈ ወዲህ መድኃኒቶቹ ብዙም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የማን ቆዳ ምን ይችላል የሚለው እውቀት ነው። የጠቆረ ቆዳ፣ ማለትም የአብዛኞቻችን ቆዳ፣ ሲቆስል ይጠቁራል፣ ወይም ቀለሙን አጥቶ ይነጣል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ስለዚህ ሦስተኛው ደረጃ ለእኛ ዓይነቱ ቆዳ አይመከርም፤ ሁለተኛውም ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል።

አሁን ተርጓሚው ይህን ሦስተኛ ደረጃ «ጥልቅ ልጠት» ብሎ ይጽፋል። በዚያው ገጽ ላይ ብጉር የተወው ጎድጓዳ ምልክት «ጥልቅ ጠባሳ» ተብሏል። አንባቢው ሁለቱን «ጥልቅ» ያያይዛል፤ ጥልቅ ጠባሳ ያለው ሰው ጥልቅ ልጠት ያስፈልገዋል ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ለቋንቋው የታመነ፣ ለሕክምናው ግን ሐሰት ነው። ለጠባብና ለጎድጓዳ ጠባሳ የሚሠራው ዘዴ ፊትን በሙሉ በጥልቀት መላጥ አይደለም። ከ65 እስከ 100 በመቶ የሆነ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ በሾለ እንጨት ጫፍ እየተነከረ በየጠባሳው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ በነጥብ ይነካል፤ በዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ሳይነካ ይተዋል፤ ሥራው በሳምንታት ልዩነት ይደጋገማል፤ ጉድጓዱም ከሥሩ በሚበቅል አዲስ ሥጋ ቀስ በቀስ ይሞላል። ይህን ዘዴ በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳወቁት የደቡብ ኮሪያ ሐኪሞች ናቸው፤ ከጠቀሜታውም አንዱ ጠይም ቆዳ ላይ ከሙሉ ልጠት ያነሰ ጉዳት ማድረሱ ነው። ልብ ይሏል፤ እዚህ የሚላጥ ነገር የለም። በነጥቡ ላይ ቅርፊት ይይዛል፣ ይወድቃል። ስለሆነም «ልጠት» በሚለው ስም ሥር መመዝገቡ ራሱ ስሕተት ነው። ለዚህ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «በጠባሳ ውስጥ አሲድ በነጥብ ማስነካት» ብሎ በዝርዝር መጻፍ ይሻላል። ረዥም ነው፤ ግን አያታልልም።

«ጥልቅ» በአማርኛ ሌላም ሸክም አለበት። «ጥልቅ እውቀት»፣ «ጥልቅ ጥናት»፣ «ጥልቅ ፍቅር» እንላለን፤ ቃሉ መልካምነትን ያዘለ ነው፤ ጥልቅ ያልሆነው ሁሉ ልል ይመስላል። በ2009 ዓ.ም. «ጥልቅ ተሐድሶ» የሚለው የፖለቲካ መፈክር ቃሉን በአደባባይ ከፍ አድርጎት ነበር፤ «የቆዳ ተሐድሶ» የሚለው ትርጉም ይህን ትዝታ ሳይቀሰቅስ፣ በቤተ ክርስቲያን ያለውን ክርክርም ሳይጨምር፣ እንዴት በሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ አይገባኝም። ለልጠት ደረጃ መጠሪያ ሊሆን የሚገባው የሚደርስበት የቆዳ ክፍል ነው፤ «የላይኛው ቆዳ ልጠት»፣ «እስከ ታችኛው ቆዳ አፋፍ የሚደርስ ልጠት»፣ «የታችኛው ቆዳ ልጠት»። «ዘላቂ ልጠት» ያለ ሰውም አለ፤ የሚዘልቅ ለማለት ነው፤ አንባቢ ግን ለዘለቄታው የሚቆይ ፈውስ ብሎ ይረዳዋል።

ወደ «ጠባሳ» እንለፍ። በአማርኛ ጠባሳ አንድ ቃል ነው፤ ቁስል ድኖ የተወው ምልክት ሁሉ ጠባሳ ነው። ብጉር ግን ሦስት ዓይነት ምልክት ይተዋል። አንዱ ያልጎደጎደ፣ ያልጎበጠ፣ ጥቁረት ብቻ ነው፤ ይህ በትክክል ጠባሳ ሳይሆን የቀለም ለውጥ ነው፤ ቀላል ልጠት የሚረዳውም እርሱን ነው። ሁለተኛው የጎደጎደው ነው፤ ቀላል ልጠት ለእርሱ እምብዛም አይፈይድም። ሦስተኛው ያበጠው፣ ኬሎይድ የሚባለውም የሚመደብበት ነው፤ እርሱን አሲድ ሊያባብሰው ይችላል። ሦስቱንም «ጠባሳ» ብሎ «ጠባሳን ያጠፋል» የሚል ጽሑፍ ለመጀመሪያው እውነት ተናግሮ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዋሽቷል፤ ውሸቱንም የተናገረው በአንድ ስም ነው።

በጋሞ ደግሞ አራተኛ አለ። ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን በኮረብታ ላይ የተቀመጠችው ኦቾሎ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በቁንጭር ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች መንደር ናት። ቁንጭር በዓለት ዋሻ ከሚኖረው ሽኮኮ ወደ ሰው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ በአካባቢው «ቦልቦ» ይባላል። በይበልጥ የልጆችን ጉንጭና አፍንጫ ይይዛል፤ ሲድን የጎደጎደና ቀለሙ የተለወጠ ምልክት ይተዋል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚገኙበት ጥናት በሽታው ብቻ ሳይሆን ጠባሳው በሰዎቹ መንፈስና ኑሮ ላይ የሚያሳድረውን ጫና መርምሯል። የኦቾሎ ወጣት «የፊት ጠባሳ ሕክምና» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ ስለ ራሱ የተጻፈ አድርጎ ቢወስደው ምን ያስደንቃል? ከዚህም በላይ፣ ቁስሉ ገና ያልዳነለት ሰው፣ በጋለ ብረት መተኮስንና የሚያቆስል የዕፅ ጭማቂ መቀባትን በልማድ የሚያውቅ ሰው፣ አሲዱን የዚያ ዘመናዊ ወንድም አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስለዚህ ስያሜው «የብጉር ጠባሳ» መሆን አለበት፤ «የፊት ጠባሳ» አይበቃም። ከዚያም በኋላ «ጠቋራ ምልክት»፣ «ጎድጓዳ ጠባሳ»፣ «ያበጠ ጠባሳ» ተብሎ ይለይ። ፈንጣጣ ከአገራችን እስከ ጠፋበት እስከ 1968 ዓ.ም. ድረስ ጎድጓዳ ጠባሳ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም ነበር፤ ዛሬ ያንን ፊት ያየ ወጣት ጥቂት ነው።

«አሲድ» የሚለውን ቃል ለመደበቅ የሚደረገው ጥረትም ሒስ ይገባዋል። ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአንዲት ወጣት ፊት ላይ የተፈጸመው የአሲድ ጥቃት አገሩን ሁሉ ያስደነገጠ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ «አሲድ»ና «ፊት» በአንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ሰው ይዘገንነዋል። ነገር ግን መፍትሔው «የፍራፍሬ ውሃ» ወይም «ልዩ ፈሳሽ» ማለት አይደለም። ግላይኮሊክ አሲድ በሸንኮራ አገዳ ውስጥ መገኘቱ፣ ሳሊሲሊክ አሲድም ስሙን ከአኻያ ዛፍ መውሰዱ እውነት ነው፤ 70 በመቶ የሆነው ግን አገዳ እንደ መምጠጥ አይደለም። በሽተኛው ፈርሞ የሚቀበለው ነገር በስሙና በመቶኛው መጻፍ አለበት። ፍርሃቱን ማስታገስ የሐኪሙ ንግግር ሥራ ነው፤ የተርጓሚው ሥራ አይደለም።

ስለ ቆዳ ቀለምም አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። አሜሪካዊው ሐኪም ፊትዝፓትሪክ በ1975 እ.ኤ.አ. ቆዳን በፀሐይ የመቃጠል ጠባዩ የመደበበት ሰንጠረዥ በመጀመሪያ 4 ደረጃ ነበረው፤ ቡናማና ጥቁር ቆዳ በኋላ ተጨምረው 6 ሆነ። ተርጓሚዎች ይህን ሲያማርኙ «ነጭ፣ ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር» ወደሚለው ወደ ራሳችን መሰላል መሳባቸው የሚጠበቅ ነው። አደጋው «ቀይ» ላይ ነው። በእኛ አነጋገር ቀይ ሰው ማለት ከጎረቤቱ ፈካ ያለ ኢትዮጵያዊ ነው፤ በሰንጠረዡ ግን እርሱም ቢሆን ከጠቋሮቹ ወገን ነው። «ለቀይ ቆዳ አያሰጋም» የሚል ትርጉም የቼንቻንም የአርባ ምንጭንም «ቀይ» ሰዎች ከለንደን ሰው ጋራ ያስቀምጣቸዋል። እዚህ ላይ ቁጥሩን እንዳለ ትቶ ጠባዩን በቃላት መግለጽ ይመረጣል፤ ይኸውም በፀሐይ ይቃጠላል ወይስ ይጠቁራል፣ ቁስሉ ሲድን ጥቁር ምልክት ይተዋል ወይስ አይተውም።

ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ቦታው ነጭ ይሆናል፤ የቆዳው ፕሮቲን ስለሚረጋ ነው። ሐኪሙ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ የሚያውቀው በዚህ ነው። እንግሊዝኛው በውርጭ መስሎ ይጠራዋል። «በረዶ» ያሉት ተርጓሚዎች ብርድን አመጡ፤ «መንጣት» ያሉት ደግሞ ቆዳ የሚያነጡ ቅባቶችን አስታወሱ፣ ይህም ሌላ መዘዝ ነው። እኔ «አመዳይ» የሚለውን አቀርባለሁ። የቼንቻና የጉጌ ተራራ ሰው በማለዳ በሣሩ ላይ የሚያየው ስስ ነጭ ነገር ነው፤ ሐኪሙ የሚያየውም ያንኑ ይመስላል። ቆላው የአርባ ምንጭ ሰው አመዳይን በዓይኑ ባያውቀው ከደጋው ዘመዱ ሰምቶታል። ወደ ጋሞኛ ሲተረጎም ግን አማርኛውን በድምፅ ገልብጦ መውሰድ አይገባም፤ የጋሞ ደጋ ለዚህ የራሱ ቃል ሊያጣ አይችልም። በ1992 ዓ.ም. አራት ቋንቋዎች ተደባልቀው «ወጋጎዳ» በሚል ስም ለትምህርት ቤት የቀረቡበት ሙከራ በሶዶ ምን እንዳስከተለ ስለምናውቅ፣ ሰው ያልጠየቀውን ቃል በቢሮ አበጅቶ ማውረድ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለዚህ መጽሔት አንባብያን መዘርዘር አያስፈልግም።

የቀረው የጎድጓዳው ጠባሳ ዓይነቶች ስም ነው። ጠባብና ሹሉን እንግሊዝኛው በበረዶ መስበሪያ ይመስለዋል፤ ለእኛ «ወስፌ» አለልን፤ ሙዳይ የምትሰፋ ሴት ሁሉ በእጇ የያዘችው ነው፤ «የወስፌ ጠባሳ» ቢባል ለማንም ግልጽ ነው። ሰፊውንና እንደ ሞገድ የሚወርድ የሚወጣውን «ሞገዳማ ጠባሳ» ማለት ያስኬዳል። «ስርጉድ» ግን ፈጽሞ አይሁን፤ ስርጉድ የቆንጆ ጉንጭ ምስጋና ነው። ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ ታቹ ደልዳላ ለሆነው ለሦስተኛው ዓይነት፣ እንግሊዝኛው በባቡር ፉርጎ ለመሰለው፣ እስካሁን የቀረቡት «ሣጥናማ»ና «ጉድጓዳማ» አያረኩም፤ ሣጥን ክዳን ያስባል፣ ጉድጓድ ደግሞ ለሌሎቹም ይሆናል። ከገበጣ መጫወቻ ጉድጓድ ጋራ ማመሳሰል ይቻል እንደሆነ አስቤ ነበር፤ የገበጣው ግን ታቹ ክብ ነው። ከሸክላ፣ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ሥራ ቋንቋ የተሻለ ቃል ያለው አንባቢ ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።